ሰር ሐምፍሪ ዴቪና የመርከቡ መዳብ

ዓፄ ምኒልክ በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዞች ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ የጎሬና የመቱ ቡና ወደ ጋምቤላ እየወረደ፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡት መርከቦች ይጫን ነበር። እነዚህ መርከቦች የሚመላለሱት ጨው በሌለው ውሃ ስለ ነበር፥ የባሕር መርከበኞችን ያስመረረውን ባርናክል የተባለውን ፍጥረት አያውቁትም። ባርናክል በባሕር የሚኖር፥ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ትንሽ እንስሳ ነው። ከመርከብ ሆድ ላይ አንድ ጊዜ ከተጣበቀ ተፍቆ ካልሆነ አይለቅም፤ ሲበዛም ታላቁን መርከብ ጭነት እንደ በዛበት በቅሎ ያዘገየዋል።

ከዚህ ፍጥረት ጋር ሳያስበው የተጋጠመው ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሐምፍሪ ዴቪ ነው።

ዴቪ በ1778 በእንግሊዝ አገር ፔንዛንስ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። እንጨት ቀራጭ የነበረው አባቱ ሲሞት ለቤተ ሰቡ ዕዳ ትቶ ስለ ሄደ፥ ልጁ ገና በወጣትነቱ ከአንድ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ለሙያ ትምህርት ገባ። ኬሚስትሪን የተማረው በአብዛኛው በራሱ ንባብና ሙከራ ነው። በ1801 ወደ ለንደን ተጠርቶ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ማስተማር ጀመረ፤ በ1807ም በኤሌክትሪክ ኀይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለይቶ አወጣ። የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረውን ማይክል ፋራዴይን ረዳቱ አድርጎ የቀጠረው በ1813 ነው። በ1815 ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች ፋኖስ ሲሠራ፥ ብዙ ገንዘብ ሊያገኝበት ይችል የነበረውን የፓተንት መብት አልፈለገም።

የመርከቡ ነገር የመጣው በ1823 ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከእንጨት የተሠሩ ሆነው፥ እንጨት የሚሰረስረው የባሕር ትል እንዳይበላቸው ሆዳቸው በመዳብ ይለበጥ ነበር። መዳቡን ግን የባሕሩ ውሃ እየበላ ይጨርሰዋል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ባሕር ኀይሉ ምክር ቢጠይቅ፥ ዴቪ መበላቱ የኤሌክትሪክ ሥራ መሆኑን ተረድቶ፥ ከመዳቡ ጋር ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ ውሃው መዳቡን ትቶ እርሱን እንደሚበላ አሳየ። ለዚህም የዚንኩ ስፋት ከመዳቡ አንድ መቶ ኀምሳኛ ያህል ቢሆን ይበቃ ነበር። ሳማራንግ የተባለችው መርከብ በ1824 ይኸው መከላከያ ተገጥሞላት ወደ ኖቫ ስኮሽያ ደርሳ ስትመለስ፥ መዳቧ የረባ ጉዳት አልደረሰበትም።

ይሁን እንጂ መዳባቸው የዳነላቸው መርከቦች ሆዳቸው በባርናክልና በባሕር ሣር ተሸፍኖ ይዘገዩ ጀመር። ምክንያቱም መዳብ በውሃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ሲያልቅ የሚሰጠው ጨው ለእነዚህ ፍጥረታት መርዝ ነው። ዴቪ መሟሟቱን ሲያስቆም መርዙንም አስቆመው። ጉዳት ተብሎ የተቈጠረው ነገር ለካ የመርከቡ ዘበኛ ኖሯል!

በ1825 ባሕር ኀይሉ መከላከያው እንዲቀር አዘዘ። በዚያን ጊዜ የታላቁ የሳይንስ ማኅበር የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ በጋዜጣ መዘባበቻ ሆነ። ፌዙ ተገቢ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የተጠየቀው መዳቡ እንዳይበላ እንዲያደርግ ነበር፤ ያንንም አድርጓል። የጎደለው ነገር ቢኖር መርከቦቹ ከነመከላከያቸው ረጅም ጊዜ በባሕር ላይ እስኪፈተኑ ድረስ አለመታገሡ ነው። በ1826 መጨረሻ በሽታ ጣለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንትነቱን ተወ፤ በ1829 ጄኔቭ ከተማ ላይ በ50 ዓመቱ ዐረፈ።

መርከቦች ከብረት መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን የዴቪ ብልሃት ተመልሶ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በውሃ ውስጥ ባለው የመርከብ ብረት ላይ፥ በተለይም በመሪውና ውሃውን በሚገፋው መዘውር አጠገብ፥ የዚንክ ቍራጭ ይታሰራል፤ ተበልቶ ሲያልቅም በሌላ ይተካል። ባርናክሉን ደግሞ መዳብ የገባበት ቀለም ይከላከለዋል፤ መዳቡ ብረቱን ነክቶ እንዳያስበላው በመካከላቸው ሌላ ቀለም አስቀድሞ ይቀባል።

መርከብ ያላየ የመቱ ተማሪም ቢሆን ይህን ነገር በቤቱ ክዳን ላይ ያገኘዋል። የጣራ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ቢጫርም እንኳ ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ የኢሉባቦር ዝናብ የሚበላው ዚንኩን እንጂ ብረቱን አይደለም።