የኮሎራዶው ዳኛ ሞሰስ ሃሌት፦ ሰባት ፕሬዚዳንቶች ያልነቀነቁት ወንበር

በሌክውድ፣ በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት ስናወራ ብንውል አይሰለቸንም። ይሁን እንጂ የምንኖርባት ኮሎራዶ የመጀመሪያው የፌዴራል ዲስትሪክት ዳኛ ማን እንደነበሩ ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ሞሰስ ሃሌት እ.ኤ.አ. በ1834 በኢሊኖይ፣ ጋሊና በምትባል ከተማ ተወለዱ። ጠበቃ ከሆኑ በኋላ በ1860 ወርቅ ፍለጋ ኮሎራዶ ገቡ። ወርቁ አልቀና ሲላቸው ወደ ጥብቅናቸው ተመለሱ። ኮሎራዶ ያኔ ስቴት አልነበረችም፤ ዳኞቿን የሚልክላት የዋሽንግተን መንግስት ሲሆን፣ የሹመት ዘመናቸውም 4 ዓመት ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በ1866 ሃሌትን የግዛቲቱ ዋና ዳኛ አደረጓቸው።

በ1872 የቀረበላቸው ጉዳይ በአገራችን የውሃ አባት የሚዳኘው ዓይነት ጠብ ነበር። የንከርና ኒኮልስ የተባሉ ጎረቤታሞች በቃል ተስማምተው የመስኖ ቦይ ቆፈሩ፤ በኋላ ከላይ ያለው ውሃውን ለብቻው አስቀረው። ከእንግሊዝ የተወረሰው ህግ በሰው መሬት ላይ የሚገኝ መብት በጽሁፍ ካልሰፈረ አይጸናም የሚል ነበር። ሃሌት ግን ዝናብ ለጠገበ አገር የወጣ ህግ ለደረቅ ምድር እንደማይሆን አስረድተው፣ ውሃን በሌላው ማሳ አሳልፎ የመውሰድ መብት ከችግሩ ከራሱ እንደሚመነጭ ወሰኑ።

ኮሎራዶ በ1876 ስቴት ሆነች። በጥር 1877 ፕሬዚዳንት ግራንት ሃሌትን የፌዴራል ዲስትሪክት ዳኛ አድርገው ሾሙ። ይህኛው ወንበር የዕድሜ ልክ ነው። ሿሚያቸው ሁለት ወር ሳይሞላ ከስልጣን ወረዱ፤ ከሄይስ እስከ ቴዎዶር ሩዝቬልት 7 ፕሬዚዳንቶች ተፈራረቁ። አንዳቸውም ሃሌትን ሊያነሱ አይችሉም ነበር። በ1892 በተከፈተው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የህግ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያው ዲን ሆኑ። በ1906 በፈቃዳቸው ጡረታ ወጥተው፣ በ1913 በዴንቨር አረፉ።

ዕድሜ ልክ መሾም ብቻውን ፍትህን አያመጣም፤ ዳኛ የፈረደውን የሚያከብር መንግስትም ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዙላቸው አቶ ስዬ አብርሃ ወዲያውኑ ተመልሰው መታሰራቸውን አንረሳውም። ለአገራችን የምንመኘው ጎበዝ ዳኛ ብቻ ሳይሆን፣ ሿሚው ሲወርድ የማይወርድ፣ ትዕዛዙም ከችሎቱ ደጅ የማያልፍ ያልሆነ ዳኛ ነው።