የቋራው ካሳ ከአርሲ ሲታይ

መግቢያ

ስለ ፈረንሣይ አብዮትና ስለ ናፖሊዮን ቦናፓርት በተማርን ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ የእኛስ ናፖሊዮን ማነው? መልሱም ወዲያው ይመጣል፤ አፄ ቴዎድሮስ ናቸዋ! በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ንጽጽሩ የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚቆም ነው። ውድ አንባቢያን፣ ስለ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ናቸው። እኔ ግን ታሪኩን የማየው ከአሰላ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ሆኜ ነው። ቴዎድሮስ አርሲን አልረገጡም። ቢሆንም የሕይወታቸው ታሪክ ውጤቱ እዚህ ድረስ መጥቷል ባይ ነኝ። (ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የአውሮፓው እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጠቅሷል።)

የካሳ አነሳስ

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1769 በኮርሲካ ደሴት ተወለደ። የ1789ኙ አብዮት የፈረንሣይን ንጉሥና መኳንንት ባይጠራርግ ኖሮ ምናልባት ተራ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በቀረ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ሕዝባዊ አብዮት አልነበረም። የነበረው ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ የሚቀመጠው ንጉሥ ስም ብቻ ይዞ፣ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በነበሩት የየጁ ራሶች እጅ ሆኖ፣ እያንዳንዱ መስፍን በየግዛቱ ይፋለም ነበር። ታዲያ አሮጌው ሥርዓት ሲላላ ጉልበት ላለው ሰው በር ይከፈታል። በዚህ ረገድ ሁለቱ ሰዎች ይመሳሰላሉ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። ናፖሊዮን በግዞት ቅድስት ሄለና ላይ ሲሞት (እ.ኤ.አ. 1821) ካሳ ገና ሕፃን ነበር። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከመኳንንት ወገን ቢሆኑም ቀድመው በመሞታቸው እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ። ጠላቶቹ በኋላ እናቱ ኮሶ ይሸጡ ነበር እያሉ ይሰድቡት የነበረው ለዚህ ነው። ልጁ በገዳም ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ ዳዊት ደገመ። ሲጎለምስ ሸፈተ። የዘረፈውንም ለገበሬው ያካፍል እንደነበር ይተረካል። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ በጉልበት አልሆን ቢላቸው በጋብቻ ሊይዙት አሰቡና በ1839 የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ምን ዋጋ አለው! ተዋበች ከባሏ ጎን ቆመች እንጂ ለአባቷ ወገን አላደላችም።

ከናፖሊዮን የደረሰ ትምህርት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ወረረ። እሱን ለማስወጣት ከመጣው የቱርክ ጦር መካከል መሐመድ አሊ የሚባለው መኮንን በግርግሩ ሥልጣን ያዘ። ከዚያም በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገሉ ፈረንሣዮችን ቀጥሮ ዘመናዊ ሠራዊት አሠለጠነ፤ ሱዳንንም ያዘ። ካሳ በ1840 ደባርቂ ላይ የገጠመው ይህንን ጦር ነው። የካሳ ጀግኖች እንደለመዱት በፈረስና በጎራዴ ቢሮጡም መድፍና ሥነ ሥርዓት ያለው ተኩስ እንደ ቅጠል አረገፋቸው።

በእኔ አስተያየት የካሳን ሕይወት ሁለት ቦታ የሚከፍለው ይህ ሽንፈት ነው። ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ያን ቀን ገባው። ከዚያ ወዲያ መድፍ የሕይወቱ ሕልም ሆነ። ወታደሩንም በአዲስ መልክ ለማሠልጠን ሞከረ።

ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም ሞቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፈ፤ የየጁዎች ዘመን አበቃ። በየካቲት 1847 ደግሞ የሰሜኑንና የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ለራሳቸው ንግሥና ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው አነገሡ። ስሙንም ቴዎድሮስ አሉት። ሰላምና ፍትሕ ያመጣል ተብሎ በትንቢት ይጠበቅ የነበረው ንጉሥ ስም ነው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1804 ጳጳሱ ፊት ዘውዱን በራሱ እጅ ነው የጫነው። ቴዎድሮስ ግን ያለ ቤተ ክህነት መንገሥ እንደማይቻል ያውቁ ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው።

የለውጥ ሙከራና ድካሙ

ንጉሡ በዚያው ዓመት ወደ ወሎ፣ ቀጥሎም ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ሞቱና የ11 ዓመቱ ልጃቸው ምኒልክ ተማርከው ተወሰዱ። ይህን ልጅ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቴዎድሮስ ያሰቡት ብዙ ነው። ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ እንዲያገኝ ፈለጉ። መንገድ አሠሩ፤ ራሳቸውም ድንጋይ ተሸከሙ። ለዚህ ሁሉ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባር ይሰጥ አሉ። ካህናቱ ተቆጡ። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ ታስረው መቅደላ ላይ ሞቱ። ካህኑ ሲከዳ ገበሬው ከዳ፤ ገበሬው ሲከዳ ወታደሩ ከዳ። በአንድ ወቅት ወደ 60 ሺህ ይገመት የነበረው ሠራዊት በመጨረሻ ወደ 10 ሺህ ገደማ ወርዷል።

የንጽጽሩ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ናፖሊዮን ከአብዮቱ የተረከበው ነገር ነበረው። የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀድሞ ተወርሷል፤ ግብር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ዳኛ ነበረው። ቴዎድሮስ ግን አብዮቱንም ንጉሥነቱንም ብቻቸውን ሊሠሩ ነው የሞከሩት። ተዋበች በ1850 ሞተች። እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል በወራት ልዩነት ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ መካሪ ያጣ ንጉሥ ሆኑ።

ባዶውን ቦታ የሞላው ቅጣት ነው። በወሎ ዘመቻዎች የምርኮኞች እጅና እግር ይቆረጥ ነበር። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ የወሎዋ ወርቂት አሳለፈቻቸው። ልጇ መቅደላ ታስሮ ነበርና ቴዎድሮስ እሱንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን በጭካኔ አስገደሉ። በ1859 ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች።

መቅደላ

በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ንጉሡም ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑ የእጅ ባለሙያዎች 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሠሩላቸው። ይህ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ተራራ ለተራራ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ።

ጄኔራል ናፒየር በ13 ሺህ ያህል ወታደርና በ44 ዝሆኖች መጣ። ውጊያው ሊጀመር ዋዜማ ላይ ወደ 200 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ገደል ተጣሉ። እሮጌ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ 700 ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው 2 ሰው ነው። ያ ሁሉ የተደከመለት ሴባስቶፖል የረባ ነገር አልሠራም። ደባርቂ በ20 ዓመቱ ተደገመ ማለት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ናፖሊዮን ለእነዚሁ እንግሊዞች እጁን ሰጥቶ በደሴት ላይ ነው የሞተው። የሁለቱም ወራሾች በሰው አገር በወጣትነት አለፉ፤ የናፖሊዮን ልጅ በ21 ዓመቱ ቪየና፣ ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር። የልዑሉ አፅም እንዲመለስ ቢጠየቅም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 አልቀበልም ብሏል።

ከአርሲ ሲታይ

እንግዲህ ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ የቴዎድሮስን ሐሳብ፣ ማለትም አንድ ንጉሥና አንድ አገር የሚለውን፣ ይዘው ሄዱ። ከ1874 ጀምሮ ጦራቸው ወደ አርሲ ዘመተ። አርሲዎች በጦርና በጋሻ ለዓመታት ተከላከሉ። በ1878 ማብቂያ አዙሌ ላይ ግን በአጎታቸው በራስ ዳርጌ የሚመራው ጦር በጠመንጃ አሸነፈ። ደባርቂ ላይ ካሳን፣ እሮጌ ላይ ቴዎድሮስን የጣለው ልዩነት አዙሌ ላይ አርሲን ጣለ። ስለ አኖሌ የእጅና የጡት መቆረጥ በአርሲ ሽማግሌዎች የሚነገረውን ሁላችንም እንሰማለን፤ በሄጦሳ ሐውልት የቆመለት ነገር ነው። ስለዚህ የወሎ ምርኮኞች እጅ መቆረጡን ስናነብ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይህን የምለው ቴዎድሮስን ለማቃለል አይደለም። መከፋፈልን የጠሉ፣ ዕውቀት የተጠሙ፣ ለመቅደላ መድኃኔዓለም የብራና መጻሕፍት ያሰባሰቡ ሰው ነበሩ። ጉድለቱ ሌላ ነው። አርሲ ውስጥ ያን ጊዜ ሥልጣን በገዳ ሥርዓት በየ8 ዓመቱ ይሸጋገር ነበር። መሪው እንዴት እንደሚወርድ ሕጉ አስቀድሞ ያውቃል። ቴዎድሮስ ግን ከእሳቸው በኋላ ማን፣ ሲሳሳቱስ ማን ያርማቸዋል ለሚለው መልስ አላበጁም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የናፖሊዮን መድፎች ዝም ካሉ ቆይተዋል፤ የ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን አለ። የእኛንም የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ዛሬ አሰላ ፍርድ ቤት ውል የሚከራከር ገበሬ ከናፖሊዮን ትሩፋት ጥቂት ይደርሰዋል። ከቴዎድሮስ የደረሰን ሐሳብ ነው፤ ትልቅ ሐሳብ፤ ግን ሕግ ያልተበጀለት ሐሳብ። ሕግ ያልተበጀለት የአንድነት ሐሳብ ደግሞ እጁ የገባው ሰው በጠመንጃ ይፈጽመዋል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ቴዎድሮስን ስናወድስም ስንወቅስም ይህችን ነገር ብንይዛት መልካም ነው እላለሁ።