የጥንት አራዊት ቀራጺ፦ ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ

የሐረር አካባቢ የኖራ ድንጋይ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ይመላለሱ በነበረበት ዘመን በባሕር ወለል የተነባበረ ነው። የእነዚያን አራዊት ሙሉ አካል በቁመታቸው ልክ ቀርጸው ለሕዝብ በማሳየት ቀዳሚው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ (1807–1894 እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ለለንደኑ ክሪስታል ፓላስ መናፈሻ የሠሯቸው ምስሎች በ1854 ለእይታ በቁ። አንዱን ኢጓኖዶን በ4 የብረት ዓምዶች፣ በ600 ጡብና በ38 በርሜል ሲሚንቶ አቆሙት። የተገኘው አጥንት ጥቂት ስለ ነበረ የጎደለው በግምት ተሞላ፤ የአውራ ጣቱም ሾጣጣ አጥንት እንደ ቀንድ ተቈጥሮ በአፍንጫው ላይ ተተከለ። ስሕተቱ የታረመው በ1878 ቤልጅግ ውስጥ ሙሉ አጽሞች ከተገኙ በኋላ ነው።

ሆኪንስ በ1868 በፊላደልፊያ የመጀመሪያውን የዳይኖሰር አጽም አቆሙ፤ በ1871 ግን የኒው ዮርክ ሥራቸው በመዶሻ ተሰባበረ። የለንደኑ ምስል ከነቀንዱ ዛሬም ቆሟል። ሲሚንቶ ልክንና ግምትን ለይቶ አያሳይምና፣ በንድፋችን ላይ ሁለቱን ለይቶ መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።