የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ትምህርት

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ድሬ ዳዋ

የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። እግሮቹ ከከዱት በኋላ ስለኖረበት ዘመን ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልጽፍ የመረጥሁት ይህንኑ የሕይወቱን ክፍል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ ገናም ተጫወተ። ካደገ በኋላ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ የሩጫን ሥርዓት አስተማሩት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና 6 ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ግን የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። አበበ ከመኪናዋ የወጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

በዚህ ሆስፒታል የአከርካሪ ሕሙማንን ክፍል በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ከናዚዎች ሸሽተው ከጀርመን የመጡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእርሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ ተቆርጦበት አልጋ ላይ ይቀር ነበር። ጉትማን ግን ሥራን መድኃኒት አደረጉት። ነርሶች የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በሽተኛውን በየጥቂት ሰዓቱ ያገላብጡታል። በእንቅስቃሴ የሚያክሙት ፊዚዮቴራፒስቶች የማይንቀሳቀሰው መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ በእጃቸው ያጥፉታል፤ ይዘረጉታል። ሕይወት ያለውን ጡንቻ ደግሞ ክብደት እያሸከሙ ቀስ በቀስ ያጠነክሩታል። በሽተኛው መጀመሪያ ሳይወድቅ መቀመጥን፣ ቀጥሎም ገላውን በክንዱ አንሥቶ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መሻገርን ይማራል። ቀስት መወርወርም የሕክምናው ክፍል ነበር፤ ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያበረታልና፣ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። ጉትማን ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በዚያው በሆስፒታሉ 16 ሕሙማንን በቀስት አወዳደሩ። ከዚያ ጅማሬ ያደገው ጨዋታ በመስከረም 1953 ዓ.ም.፣ አበበ ካሸነፈ ከቀናት በኋላ፣ በዚያችው በሮም ተደረገ።

42 ኪሎ ሜትር የሮጠው ሰው እንግዲህ መቀመጥን ለመማር እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀመረ። ኒስካነንን እንደታዘዘ አሁንም ሐኪሞቹን ታዘዘ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቃተው አበበ በ8 ወር ውስጥ ክንዶቹን መልሶ አገኘ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላ አልተራመደም። ልብ ልንለው የሚገባው ይህ ነው፤ ልምምዱ የጠፋውን ሁሉ አልመለሰለትም፤ የቀረውን ግን አበረታለት።

በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠርቶ ሄደና በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ እሽቅድምድም አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበሩ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

አምና እኔም በኳስ ጨዋታ ጉልበቴን ተጎድቼ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ በቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት አስራ፣ እግሬን በየቀኑ ቀስ ብዬ ከፍ ዝቅ እንዳደርግ አዘዘችኝ። እኔ ግን ነገሩን የልጅ ጨዋታ አድርጌ ንቄው በሁለተኛው ሳምንት ተውሁት። የአበበን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ አፍሬ ወደ እርስዋ ተመለስሁ። ዛሬ ሜዳውን ገና በእርምጃ እንጂ በሩጫ አልዞርም፤ ሆኖም ልምምዴን አላቋረጥሁም። በሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ተማሪ ለመሆን ካላፈረ፣ እኛ ተማሪዎች የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?