ገበሬው ያስተማራቸው ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ምድር ስማቸው የሚነሣው በፍቅር ነው፤ አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸውም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲነታቸው ነው። የሕይወታቸው መንገድ ግን ዛሬም በገጠሩ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ያስታውሳል። የገበሬ ልጅ የሚማርበትን ወጪ ማን ይሸፍናል? በገንዘቡስ ላይ የሚወስነው ማን ነው?

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ደብር ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተከታተሉ። በዚያ ዘመን ለቆሎ ተማሪ በጀት የሚመድብ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ደጃፍ ለደጃፍ ሲዞር ገበሬው ካለው ቆርሶ ይሰጠዋል፤ መምህሩም በአጥቢያው መሬትና ስጦታ ይኖራል። ትምህርት ቤቱን የሚያኖረው መንደሩ ስለ ነበር መምህሩንም ተማሪውንም በቅርብ ያውቃቸው ነበር።

ሐዲስ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ፤ ወደ ጎጃም ተመልሰውም አስተማሩ። ጣልያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ጣልያን ተጋዙ፤ የወጣትነታቸውንም ዓመታት በእስር አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን አገራቸውን ወክለው አገለገሉ።

እርሳቸው በውጭ አገር ሳሉ፣ በ1940 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርት ግብርን በዐዋጅ ደነገገ። ግብሩ በመሬት ላይ የተጣለ ሲሆን ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታሰበ፤ ይህንንም የሚከታተሉ የትምህርት ቦርዶች ተቋቋሙ። ሐሳቡ ከቀድሞው የመንደር ልማድ ጋር የሚቀራረብ ይመስል ነበር። በተግባር ግን መምህሩንና የትምህርቱን ይዘት የሚወስነው በአዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹም የበዙት በከተሞች ነው። በየደጋውና በየቆላው የሚኖረው ገበሬ ግብሩን እየከፈለ፣ ልጁ በእግር የሚደርስበት ትምህርት ቤት ያጣበት አካባቢ ብዙ ነበር።

ሐዲስ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የትምህርት ሚኒስቴርንም ለአጭር ጊዜ መርተዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የቤተ ክህነቱን ተማሪ በዛብህንና ከልማድ ያለፈ ግብር የተጠየቁትን ገበሬዎች አንድ ላይ አመጣ። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት እነዚያ ገበሬዎች የልብ ወለድ ሰዎች ናቸው፤ ቁጣቸው ግን ከአገሩ ኑሮ የተቀዳ ነው።

መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የጎጃም ገበሬ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ተነሣ። ርስቱ ተለክቶ እንዳይወሰድበት ሠግቷል፤ በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደርም ተማርሯል። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ከፍሎ በምላሹ ጥቂት የሚያገኝ ገበሬ አዲስ ግብር ሲመጣበት በጥርጣሬ መቀበሉ አያስደንቅም።

ሐዲስ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት የመንግሥትን ገንዘብ ይበልጥ ወደ ገጠሩ መሠረታዊ ትምህርት ለማዞር ሐሳብ ሲያቀርብ፣ መምህራን ኑሯችንንና የተማሪዎቻችንን ዕድል ይጎዳል ብለው ሥራ አቆሙ። ጥናቱ ሥራ ላይ ሳይውል ዘመኑ በአብዮት ተለወጠ። ሐዲስም ከዚያ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ «የልም እዣት»ንና «ትዝታ»ን ጽፈው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ ለክልሎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ ክልሉ ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ ወረዳውም ከሚደርሰው ገንዘብ የመምህራንን ደመወዝ ይከፍላል። ደመወዝ ተከፍሎ ለጠመኔ፣ ለመጻሕፍትና ለወንበር የሚተርፈው ሲያንስ፣ በፈረስ ቤትም ሆነ በቡሬ ገጠር ገበሬው እንደ ጥንቱ እንጨትና ድንጋይ ያቀርባል፤ ጉልበቱንም ያዋጣል። አኩፋዳ ይዞ ለመጣ ተማሪ ቆርሶ የሰጠው መንደር ሐዲስ ዓለማየሁን ለአገር አበርክቷል። የልጅ ልጆቹም ለትምህርት የከፈሉት የት እንደ ደረሰ የመጠየቅ መብታቸው የተጠበቀ ነው።