ቁስል ጠባቂው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር

ከመቶ ስድሳ ዓመታት በፊት ቀዶ ሕክምና ማለት ከሞት ጋር መፋጠጥ ማለት ነበር። በሽተኛው የሐኪሙን ቢላዋ ችሎ በሕይወት ቢነሣ እንኳ ገና አልዳነም። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ቁስሉ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ያተኩሳል፤ መግል ይቋጥራል። ብዙውን ጊዜ ከዚያ የሚከተለው ሞት ነበር። የዚህ መንሥኤ ባለመታወቁ መግልን የመዳን ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ ሐኪሞች እንኳ ነበሩ። ይህን ድንቍርና ከገፈፉት ሰዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ነው።

ሊስተር በለንደን አቅራቢያ በምትገኝ አፕተን በምትባል መንደር በ1827 ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቢሆንም ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው የማይክሮስኮፕ መስተዋቶችን በማሻሻል ነበር። ልጁም በዓይን የማይታየውን ነገር በመስተዋት ውስጥ አተኩሮ መመልከትን ገና በልጅነቱ ተማረ። ሕክምናን በለንደን ካጠና በኋላ በ1853 ወደ ኤዲንብራ ሄዶ ጄምስ ሳይም ከተባለው ስመ ጥር ቀዳጅ ሐኪም ጋር መሥራት ጀመረ። በ1856 የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። አግነስም የቤቱ እመቤት ብቻ ሳትሆን የምርምሩ ረዳት ሆነች፤ የሙከራዎቹን ውጤት ቀን በቀን የምትመዘግበው እርሷ ነበረች።

በ1860 ሊስተር በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። በከተማው ሆስፒታል የተረከበው ክፍል በፋብሪካና በመንገድ አደጋ በቈሰሉ ሰዎች የተሞላ ነበር። ማደንዘዣ ከተገኘ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎ ስለ ነበር ሕመሙ ቀርቷል፤ ሞቱ ግን አልቀረም። ሊስተር አንድ ነገር አስተዋለ። አጥንት ቢሰበርም ቆዳው ካልተቀደደ በሽተኛው ይድናል፤ ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ከወጣ ግን ቁስሉ ያመረቅዛል። እንግዲያስ ጥፋቱ የሚመጣው ከውጭ መሆን አለበት ብሎ አሰበ።

መልሱን ያገኘው በ1865 ነው። ቶማስ አንደርሰን የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የፈረንሳዊውን የሉዊ ፓስተርን ጽሑፎች እንዲያነብ ጠቈመው። ፓስተር የመብላላትና የመበስበስ ምክንያት ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን አስረድቶ ነበር። ሊስተርም ቁስልን የሚያመረቅዙት እነዚሁ መሆን እንዳለባቸው ተረዳ። በካርላይል ከተማ የፍሳሽን ክፉ ሽታ ለማጥፋት ካርቦሊክ አሲድ ይጨመር እንደ ነበር ሰምቶ ስለ ነበር ይህንኑ መድኃኒት በቁስል ላይ ለመሞከር ቈረጠ።

በነሐሴ ወር 1865 እግሩን ጋሪ የሄደበት የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ተቀድዷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጕዳት ብዙውን ጊዜ እግርን ወይም ነፍስን ያሳጣ ነበር። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ አጥቦ በዚያው በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ ከዚያም መጠበቅ ጀመረ። ፋሻውን ቶሎ ቢፈታው ተሕዋስያኑን ያስገባል፤ ቢዘገይ ደግሞ ምርቀዛው ሥር ይሰዳል። በአራተኛው ቀን ፈታው። መግል የለም፤ የመበስበስ ሽታ የለም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጥሞ ልጁ ዳነ።

የሚከተሉት ዓመታት ይህ ውጤት የአጋጣሚ አለመሆኑን አሳዩ። በ1864 እና በ1866 በሊስተር ክፍል እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቈረጠ 35 ሕሙማን መካከል 16ቱ ሞተው ነበር። ከ1867 እስከ 1869 ግን ከ40 ሕሙማን የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታይ ነገር ሰው ይገድላል መባሉን ያልተቀበሉ ብዙ ሐኪሞች ነበሩ። ሊስተር ከእነርሱ ጋር ከመካሰስ ይልቅ ሥራውን ቀጠለ። ሲሳሳትም ስሕተቱን ለማመን አላፈረም። በኦፕራሲዮን ጊዜ አየሩን በካርቦሊክ አሲድ የሚረጭ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀም ኖሮ የማያስፈልግ መሆኑን በተረዳ ጊዜ ተወው፤ በ1890ም በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ይህንኑ በግልጽ ተናገረ። በ1897 የሎርድነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በየካቲት ወር 1912 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

የሊስተር ሕሙማን ቁስላቸው እስኪደርቅ ድረስ ለሳምንታት ከዓይኑ ሥር አይርቁም ነበር። ዛሬ ግን በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ምርቀዛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1916 ሳይሆን ከሊስተር ሞት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ በአፍሪካ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱ እናቶች እስከ 20 በመቶ የሚደርሱት ቁስላቸው እንደሚያመረቅዝ ገልጿል። ታዲያ ከሐኪሙ ርቃ የምትገኘውን እናት ቁስል ማን ይጠብቅላት?

በሩዋንዳ ኪሬሄ በተባለው ወረዳ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ቈይቷል። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ወደ እናቶች ቤት እየሄዱ ቁስሉን በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ተደረገ። በብዙ ሥዕሎች የሠለጠነ ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያመረቀዘውን ቁስል ከደኅነኛው እንዲለይ ተሞከረ። በጥቍር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ሙቀትን የሚያሳይ ካሜራም ተፈትኗል፤ የቆዳ ቀለም ትኵሳትን አይሸሽግምና።

እንዲህ ያለው ዘዴ እንደ ደቡብ ሱዳን ላለ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም። በርእሰ ከተማዋ በጁባ ኦፕራሲዮን ተደርጎላት ወደ ሩቅ መንደሯ የተመለሰች እናት ክረምት ሲገባ መንገዱ በጎርፍና በጭቃ ይዘጋባታል። ቁስሏ ቢያተኩሳት መሄድ ይገባት እንደ ሆነ ወይም መታገሥ ይበቃት እንደ ሆነ የሚነግራት ያስፈልጋታል። መሣሪያው ግን ምልክት ጠቋሚ እንጂ ፈዋሽ አይደለም። የጠቈመውን አይቶ የሚወስን ሐኪም፣ ሕመምተኛዋን የሚያደርስ መጓጓዣና የሚሰጥ መድኃኒት ከሌለ ማየቱ ብቻውን አያድናትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሊስተር ለሰው ልጅ ያስተማረው ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ በሽታው ራሱ በሚደበቅበት ጊዜ ፈልጎ የሚያገኝ ትጉህ ዓይን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ያ ዓይን ትናንት በማይክሮስኮፕ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ካሜራ ቢታገዝም፣ ከጀርባው ለወገኑ የሚያስብ ሰው መኖር አለበት።