የጨቅላ ሕፃናትን አንጀት ያጠኑት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ

በደቡብ ወሎ ዞን ኩታበር ወረዳ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ መተንፈስ ሲያዳግተው ለተሻለ ሕክምና የሚላከው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደሴ ነው። በእንዲህ ያለ ሕክምና ከኦክስጅን ሌላ የእናት ጡት ወተትና እንደ አስፈላጊነቱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል። ወተቱም ሆነ መድኃኒቱ በጨቅላው አንጀት በሚሰፍሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ ተጽዕኖ አላቸው። ይህን የጥናት መስክ ከከፈቱት ቀዳሚው ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ቴዎዶር ኤሸሪክ ናቸው።

ኤሸሪክ እ.ኤ.አ በ1857 በባቫሪያ ግዛት አንስባክ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። እናታቸውን በሞት ያጡት ገና በልጅነታቸው ነበር። የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው እ.ኤ.አ በ1884 በኔፕልስ ኮሌራ በተከሰተ ጊዜ ወደ ስፍራው በመጓዝ ምርምር አካሂደዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ግን በሙኒክ የሠሩት ሥራ ነው። በዘመኑ ተቅማጥ በአውሮፓ ከተሞች በርካታ ሕፃናትን ይቀጥፍ ነበር። ኤሸሪክ የታመመውን ለመረዳት አስቀድሞ ጤነኛውን ማወቅ ይገባል በሚል እምነት የአራስ ሕፃናትን ዓይነ ምድር ከመጀመሪያዋ ዕለት አንስተው በአጉሊ መነጽር መረመሩ። ባክቴሪያዎች ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ አንጀቱን መውረር እንደሚጀምሩ፣ የእናት ጡት በሚጠባውና የላም ወተት በሚመገበው መካከልም ልዩነት መኖሩን አስተዋሉ። እ.ኤ.አ በ1885 ይፋ ያደረጉት ባክቴሪያ ከሞታቸው በኋላ ኤሸሪሺያ ኮላይ ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። የመጠጥ ውኃ ንጽሕናን የሚመረምር ባለሙያ ኢ. ኮላይ ሲል የእኚህን ሐኪም ስም ማንሳቱን ምናልባት ልብ አይለው ይሆናል።

ኤሸሪክ እ.ኤ.አ በ1890 በግራትስ፣ በ1902 ደግሞ በቪየና የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በቪየናም የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር በማቋቋም እናቶች ልጆቻቸውን ጡት እንዲያጠቡ ያላሰለሰ ቅስቀሳ አካሂደዋል። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ በ1911 በ53 ዓመታቸው አረፉ።

ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በመተንፈሻ መሣሪያ የታገዙ ሕፃናትን የሚያጠቃው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ በ1967 ነው። የቅርብ ዓመታት ጥናቶች የእነዚህ ሕፃናት የአንጀት ተሕዋስያን ስብጥር ከሌሎቹ ሊለይ እንደሚችል ያመለከቱ ሲሆን፣ ልዩነቱ የሕመሙ መንስዔ ይሁን ውጤት ገና አልተለየም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ለረጅም ጊዜ መስጠትም ከሕመሙ ጋር ተያያዥነት እንዳለው ተመልክቷል።

በአማራ ክልል የተካሄዱ ጥናቶች በበኩላቸው አንዳንድ እናቶች እንገሩን አልበው እንደሚደፉና ለአራሱ ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ወይም ውኃ እንደሚያቀምሱ መዝግበዋል። የኤሸሪክ ምርመራ ያተኮረውም በእነዚሁ የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ላይ ነበር።